ሰፊ ርዕስ ወደ ጥናት ጥያቄ የሚለወጠው እንዴት ነው?

ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጽሑፌ «ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚል ርዕስ ይዤያለሁ። አማካሪዬ «ሰፊ ነው፤ አጥብበው» ብለውኛል። ላጥብበው ስል ደግሞ ሁሉም የተጠና ይመስለኛል። የጥናት ክፍተት (ገና በደንብ ያልተመለሰ ጥያቄ) የሚፈለገው ከየት ነው? ስንት ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላስ ልወስን?

መልስ 1 (ሚዛን)፦
አማካሪህ ልክ ናቸው፤ ርዕስ ገና ጥያቄ አይደለም። ሦስት ያልተፈቱ ቃላት አሉበት። «ማኅበራዊ ሚዲያ» ስትል የቆይታ ሰዓቱን ነው ወይስ የአጠቃቀሙን ዓላማ? «ውጤት» የሴሚስተር ነጥብ ነው ወይስ የአንድ ትምህርት ፈተና? ከሁሉም የሚከብደው «ተፅዕኖ» ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ መጠይቅ ዝምድናን ያሳይሃል እንጂ መንስኤን አያሳይህም። ውጤቱ የወረደበት ተማሪ በጭንቀት ስልኩ ላይ ያመሸ ሊሆን ይችላላ!

እንዲህ ብትለውስ፦ «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከመኝታ በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከሴሚስተር ነጥባቸው ጋር ምን ዝምድና አለው? የእንቅልፍ ሰዓታቸው ሲታከልበትስ ዝምድናው ይለወጣል?» አሁን ማንን እንደምትጠይቅና ምን እንደምትለካ ይታወቃል።

መልስ 2 (መደርደሪያ)፦
ክፍተቱን በተመለከተ፦ መጀመሪያ በቅርብ ዓመታት የወጣ አንድ የቅኝት ጽሑፍ (የብዙ ጥናቶችን ግኝት አሰባስቦ የሚገመግም) አንብብ። ከዋቢዎቹ ወደ ኋላ ሂድ፤ ከዚያ ጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ጽሑፉን የጠቀሱትን የሚያወጣውን ማስፈንጠሪያ ተጭነህ ወደ ፊት ና። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑትን በሠንጠረዥ አስፍር፦ ጥያቄ፣ ናሙና፣ መለኪያ፣ ግኝት፣ ውስንነት። የግኝት ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ስታነብ ግኝታቸው የሚጋጭ ጥናቶች ታገኛለህ። መለኪያቸው ወይም ናሙናቸው ተለያይቶ ከሆነ፣ ጥያቄህ እዚያ ጋ ነው።

በጽሑፎቹ መጨረሻ ላይ ያለውን «ወደፊት ቢጠና» የሚል ክፍል እንዳለ አትቅዳ። ብዙ ጊዜ ለወግ የሚጻፍ ነው፤ ከወጣም በኋላ ሌላ ሰው ሠርቶት ይሆናል። የጠቀሱትን ሳታይ አትመን።

መቼ ላቁም ላልከው፣ አዲስ የምታወርደው ጽሑፍ የሚጠቅሳቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የምታውቃቸው ሲሆኑ ነው።

መልስ 3 (ድጋሚ)፦
እኔ «ክፍተት» በሚለው ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ። ያልተጠና መሆኑ ብቻውን ለማጥናት በቂ ምክንያት አይሆንም፤ የተጠና መሆኑም አይከለክልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጆርናል የወጣ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ሞክሯል። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው በስታቲስቲክስ ጉልህ (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ውጤት ነበራቸው፤ ሲደገሙ ግን 36 በመቶው ብቻ። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ድግግሞሽ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ነው።

ከመወሰንህ በፊት ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛ፣ መላምትህ ባይደገፍም ግኝቱ የሚነግረን ነገር አለ? ከሌለ ጥያቄው ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ የተማሪዎቹን ነጥብ ማን ይሰጥሃል? ፈቃዱና የሥነ ምግባር ግምገማው ወራት ሊወስድ ስለሚችል ፕሮፖዛሉ ሳያልቅ ጠይቅ። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ። የስልክ ሰዓታቸውን ራሳቸው ቢሞሉ ይታመናል?

መልስ 4 (ሚዛን)፦
በግምት ከሞሉት ብዙም አይታመንም፤ ከስልኩ መዝገብ ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። የስልካቸውን የአጠቃቀም ጊዜ ገጽ ከፍተው የ7 ቀኑን ቁጥር እንዲገለብጡ አድርግ። ግን ይህ ገጽ ከመኝታ በፊት ያለውን ለይቶ ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ለ10 ያህል ሰው ቅድመ ሙከራ ሳታደርግ መጠይቁን አትበትን።