አስተርጓሚው «አንተ» ሲለኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ትራንስ ሴት ነኝ፣ ስወለድ ወንድ የተባልኩ፤ ኤችአይቪ በደሜ ከተገኘ አራት ዓመት ሆነኝ። ከአዲስ አበባ ስመጣ የስድስት ወር መድኃኒት ይዤ ነበር፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን። ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ በር ላይ ቆማ ፓስፖርቴ ላይ ያለውን የወንድ ስም ጮክ ብላ ጠራች። ስነሳ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት አንዴ እኔን፣ አንዴ ነርሷን አዩ። ውስጥ ስገባ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ የምትለው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እሱ ግን «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» ይለኛል። ይባስ ብሎ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» አለኝ። ደም ሳልሰጥ ወጣሁ።

ኢስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞኑን፣ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ከክኒኔ ጋር ይጣላል? ኢንሹራንስ የለኝም፣ የጥገኝነት ጉዳዬም ገና ነው፤ መድኃኒት ከየት ላግኝ? አስተርጓሚውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፣ ፋርማሲ የምሠራ

ክኒንሽ ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪርና ኢስትራዳዮል (የሚታዘዘው ኢስትሮጅን) አይጣሉም። የሚያስቸግሩት ሌሎች የኤችአይቪ መድኃኒቶች ናቸው። ኢፋቪሬንዝ ሆርሞኑን ሊቀንሰው ይችላል፤ ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለባቸው ደግሞ መጠኑን ሊያዛቡት ይችላሉ። ስለዚህ ክኒንሽ ከተቀየረ ሆርሞን እንደምትወስጂ ንገሪያቸው። የወንድ ሆርሞንን የሚገታውን ስፓይሮኖላክቶን ካዘዙልሽ ፖታሲየምና ኩላሊትሽ በደም ምርመራ ይታይ። ካልሲየም ወይም የብረት ክኒን ካለሽ፣ ዶሉቴግራቪሩን ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይተሽ ውሰጂ፤ ካልሆነ ሁሉንም ከምግብ ጋር። ከሰው እጅ የሆርሞን መርፌ እንዳትገዢ። ሆርሞኑ እንዲሠራልኝ ብለው የቫይረሱን መድኃኒት የሚያቆሙም አጋጥመውኛል፤ እባክሽ አንቺ አታድርጊው።

መልስ፣ በዚሁ መንገድ ያለፈ

ክሊኒክ ስትደውዪ መጀመሪያ «ሦስት ሳምንት ቀረኝ» በይ፤ ሌላው ይደርሳል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የራያን ዋይት ፕሮግራም፣ የመንግሥት የኤችአይቪ ሕክምና ድጋፍ፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ነው፤ ሕጉ ዜግነት አይጠይቅም። ገቢሽንና የምትኖሪበትን የሚያሳይ ወረቀት ያዢ፣ ኬዝ ማናጀር (ጉዳይሽን የሚከታተል ሠራተኛ) ስጡኝ በይ። ሜሪላንድ ውስጥ መድኃኒቱን የሚከፍለው ማዳፕ ይባላል። ዲሲ ያለው ዊትማን ዎከር የሚባል ክሊኒክ የኤችአይቪ ሕክምናና የሆርሞን ክትትል አለው፤ የሕግ ክፍልም አለው። «ገና ነው» ያልሽው ማመልከቻ አላስገባሁም ማለት ከሆነ ግን ተነሺ! ጥገኝነት የሚጠየቀው አሜሪካ በገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ስምሽን በተመለከተ፣ ፋይልሽ ላይ የምትጠሪበት ስም ለብቻው እንዲጻፍ ጠይቂ።

መልስ፣ በስልክ የማስተረጉም

ሰፈርሽን የጠየቀሽ ሰው ሥራውን አያውቅም። እንዲህ ያለ ሲገጥምሽ ሐኪሟ ስልኩን ዘግታ ሌላ ትጥራ፤ ይፈቀድልሻል። ሲጀምር የሚናገረውን መለያ ቁጥር ያዢ፣ ለቅሬታ ይጠቅምሻል። ስምሽንም ማወቅ የለበትም።

ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ «ታካሚዋ ሴት ናት፣ በአንቺ አናግራት» ትበል። ይህን ለአበሻ አስተርጓሚ መንገር ካልፈለግሽ ደግሞ «እርስዎ በለኝ» በይው። «እርስዎ» ወንድ ሴት አይለይም። አማርኛ እዚህች ላይ መውጫ ትቶልናል።

መልስ፣ እትዬ ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ ትራንስ የሚሉት ነገር በደንብ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽሽም። ቫይረሱን ግን አውቀዋለሁ። አገር ቤት ነጻው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ነበርኩ። ያኔ እኛንም በስማችን የሚጠራን አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስገባ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እከናነብ ነበር። እነዚያ እናትም ያዩሽ ለራሳቸው ፈርተው ይሆናል፤ እሳቸውም እኮ ወረፋ ላይ ናቸው። ብቻሽን አትሂጂ። ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ አብሬሽ እመጣለሁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዊትማን ዎከር ደውዬ «ሦስት ሳምንት ቀረኝ» ስላቸው ለዚህ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሩኝ። የጥገኝነት ማመልከቻውንም አላስገባሁም ነበር፤ የሕግ ክፍሉን በዚያው ቀን አገኛለሁ። እትዬ፣ ቡናው በእኔ ነው። «እርስዎ» የሚለውን ሞክሬ ነበር፣ በ27 ዓመቴ አሮጊት የሆንኩ መሰለኝ። «አንቺ» እንዲሉኝ እጠይቃለሁ።