«ፍጹም ህላዌ» ሲባል ባሕርይ ነው ወይስ መኖር?

ጠያቂው፦ ለንባብ ክበባችን ስለ ቤልጂጋዊው ኢየሱሳዊ ካህንና ፈላስፋ ስለ ጆሴፍ ማሬሻል (1878–1944 እ.ኤ.አ.) አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ ከራሴ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተኝ፦ «አእምሮ በሚሰጠው በእያንዳንዱ ፍርድ ውስጥ ልብ ሳይለው ፍጹሙን ህላዌ ያጸናል።» («ፍርድ» ያልሁት አእምሮ አንድን ነገር «ነው» ብሎ ማጽናቱን ነው።) ማሬሻል በ1926 የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ የቶማስ አኩዊናስን ትምህርት ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት ጋር ሲያፋጥጥ የተሟገተበት ዋና ነጥብ ይህ ነው። ቶማስ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ (ባሕርዩን) እና መኖሩን ለይቶ ስለሚያይ፣ አንባቢ «ህላዌ»ን የትኛውን ብሎ ይረዳዋል?

የግስ ተማሪ፦ መኖር ነው። ቃሉ ከግእዙ «ሀለወ» የወጣ ነው፤ የአማርኛው «አለ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ኦሪት ዘጸአት 3፥14 «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» ይላል፤ ቅዱስ ቶማስም ከመለኮት ስሞች ሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይኸው ነው ብሏል።

አንድምታ፦ ወንድሜ፣ ሥር መቍጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን የአባቶችን የሃይማኖት ትምህርት የያዘውን መጽሐፍ ሃይማኖተ አበውን ያነበበ ሰው «ህላዌ»ን የሚያገኘው ከ«ባሕርይ» ጋር ተጎራብቶ ነው። ሥላሴ በህላዌ አንድ ናቸው ሲባል የሰማ ጆሮ «ፍጹም ህላዌ»ን «ፍጹም ባሕርይ» ብሎ ይሰማዋል። ደግሞስ ኢየሱሳዊና «ባሕርይ» በአንድ አንቀጽ ሲገናኙ የሱስንዮስ ዘመን ትዝ የማይለው ማን ነው?

የግስ ተማሪ፦ መምህር፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ባሕርዩና መኖሩ አንድ ነው ብሎ ያስተማረው ራሱ ቶማስ ከሆነ፣ ቃሉ ሁለቱንም ቢይዝ ምን ጉዳት አለው?

አንድምታ፦ ጉዳቱ እዚያው ላይ ነው። «ፍጹም ባሕርይ» ብለን ከጀመርን፣ ከፍጹምነት ጽንሰ ሐሳብ ተነሥተን መኖርን የምናወጣ እንመስላለን። ይህን መንገድ ቶማስ አልተቀበለውም፤ ካንትም በ1781 መኖር በአንድ ነገር ጽንሰ ሐሳብ ላይ የሚጨመር መገለጫ አይደለም ብሎ ዘግቶታል። ማሬሻል የሚነሣው ከጽንሰ ሐሳብ ሳይሆን አእምሮ «ነው» ብሎ ሲያጸና ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው፤ የተወሰነውን ነገር በተወሰነነቱ ማወቅ የሚቻለው አእምሮ ከዚያ አልፎ ወሰን ወደሌለው ስለሚያቀና ነው ይላል። ካንትን «ዕውቀት እንዴት ይቻላል?» በሚለው በራሱ በካንት የጥያቄ ስልት መመለሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ በእኔ ግምት የሥራው ድፍረትም ሆነ ድካም እዚሁ ላይ ያርፋል፣ ማቅናት መድረሻው መኖሩን ያስረዳልን የሚለው ጥያቄ ይከተላልና።

ዘጠኝ ቍጥር፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ «ፍርድ» ነው። አንባቢው አእምሮን ካባ ለብሶ ችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ አድርጎ ይስለዋል። «ብያኔ» ቢባልስ?

አንድምታ፦ እግዚኦ! «ብያኔ» ዛሬ በትምህርት ቤት ቋንቋ የአንድን ነገር ምንነት ወስኖ መግለጽ ነው። ለቶማስ ምንነትን መጨበጥ የአእምሮ የመጀመሪያ ሥራ ሲሆን መኖርን የሚነካው ሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም ፍርድ ነው። «ብያኔ» ካልን ማሬሻልን ሊወጣ በለፋበት በጽንሰ ሐሳብ ክፍል ውስጥ መልሰን ቈለፍንበት።

ዘጠኝ ቍጥር፦ «በየነ» በግእዝ መለየትም መፍረድም መሆኑን መምህር ያውቃሉ ብዬ ነበር።

የግስ ተማሪ፦ እንግዲያው «ብይን» እንበለው።

አንድምታ፦ «ብይን»ስ ከችሎት የት ወጣ?