እስክንድር ጢሮስን «ባሕሩን ሞልቶ ያዘ» ወይ?

ቀሃ፦ የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድር በዛሬዋ ሊባኖስ ያለችውን የፊንቄ ከተማ ጢሮስን ስለ መክበቡ ትናንት ለልጆች የተነበበው ጽሑፍ «እስክንድር ባሕሩን በአፈር ሞልቶ ደሴቲቱን ያዘ» ይላል። በቃ! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ሰባት ወር የፈጀ ከበባ በአንድ መስመር አለቀ?

አዘዞ፦ ለሰባት ዓመት ልጅ ስንት ገጽ ልትጽፍለት ነው? ድልድሉ፣ ከየብስ እስከ ደሴቲቱ ባሕሩን ሞልተው የሠሩት መንገድ፣ እውነት ነው። የእስክንድር ሰዎች የብስ ላይ የነበረውን አሮጌውን ጢሮስ አፍርሰው ድንጋዩን አጋዙ፣ ከሊባኖስ ግንድ ቆረጡ፣ ችካሉን ጭቃው ውስጥ ተከሉ። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 26ም ድንጋይዋና እንጨቷ ባሕር ውስጥ እንደሚጣል ይናገራል።

ቀሃ፦ መሥራቱን ማን ካደ? ሞላ እንጂ በመሙላቱ አልያዘም። ዳር ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ሥራው ቀናቸው። ግንቡ ሥር ሲደርሱ ግን ውሃው 5 ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ፣ ከላይም ፍላጻ ዘነበባቸው። ድልድሉ ጫፍ ላይ ሁለት የእንጨት ማማ አቁመው እሳት እንዳይበላው ቆዳ አለበሱት። የጢሮስ ሰዎች ደግሞ ፈረስ የሚጫንበትን ሰፊ መርከብ ጭራሮ፣ ዝፍትና ድኝ ሞሉበት። አፍንጫው ድልድሉ ላይ እንዲወጣ ኋላውን አከበዱት። ነፋስ ጠብቀው ሰደዱት፤ ሁለቱም ማማ ነደደ።

አንገረብ፦ ልጆቼ፣ ለሕፃን የሚነገረው ይኸው ነው። ኋላው ለምን እንደከበደ በታንኳ አሳዩት። ጣና ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲበዛ አፍንጫዋ ብድግ ትላለች።

ማራኪ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ርቀቱም እንዲሁ በዓይን ቢታይ። ከየብስ እስከ ደሴቲቱ ከ700 እስከ 800 ሜትር ነው። የፋሲል ግቢ ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ነው፤ ቀጥ አድርጋችሁ ባሕሩ ላይ ብትዘረጉት ጥቂት ቢተርፍ ነው።

አዘዞ፦ ይኸው እናንተም ድልድሉን አገነናችሁት። ዛሬ እኮ ጢሮስ ደሴት አይደለችም፤ አሸዋው ድልድሉ ላይ እየተከመረ ከየብስ ጋር አጣብቋታል። «ሞልቶ» ትክክል ነው።

ቀሃ፦ «ሞልቶ»ን ተወውና «ያዘ»ን መልስልኝ። ከሲዶናና ከሌሎቹ የፊንቄ ከተሞች 80 ያህል፣ ከቆጵሮስ 120 መርከብ ባይመጣለት የት ይደርስ ነበር? የጢሮስ ጠላቂዎች የመርከቦቹን መልሕቅ ገመድ እየቆረጡ ቢያስቸግሩት በሰንሰለት ለወጠው። ግንቡ የተናደው በደቡብ በኩል፣ መርከብ ላይ በተጫነ መደርመሻ ነው። ድልድሉ ግን በምሥራቅ ነበር!

አዘዞ፦ በድልድሉ በኩል ባይወጠሩ ኖሮ ሁሉም ደቡቡን አይጠብቁም ነበር?

ማራኪ፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጽሑፉ «ያዘ» ብሎ ያቆማል። የታሪክ ጸሐፊው አርያን እንደጻፈው 30,000 ያህል ሰው ለባርነት ተሸጧል። የት ገባ?

አዘዞ፦ ይህንንማ ለሕፃን አትነግሪውም።

አንገረብ፦ ለምን አይነገረውም? ደርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ሰው እየነዳ መሄዱን ለልጆቻችን እንነግር የለም እንዴ?

አዘዞ፦ ጋሼ፣ ያ የራሳችን ነው።

ማራኪ፦ የጢሮስ ልጆችስ የማን ናቸው?

ቀሃ፦ አዘዞ፣ «ያዘ»ን አሁንም አልመለስክልኝም።