ፒችትሪ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ 116 እያለ አልከፍት አለኝ

የጅማዋ ሂሳብ ሠራተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና አቅራቢ ቢሮ ነው የምሠራው። ሂሳብ የምንይዝበት ፕሮግራም ፒችትሪ ነው፤ ዳታው ሰርቨር በምንለው ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው። እኔ፣ ገንዘብ ያዧና የመጋዘኑ ልጅ በኔትወርክ እንገባበታለን።

ዛሬ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ልከፍት ስል የጆርናሉን ፋይል ስም ይጠራና «አይ ኦ ኤረር 116» ብሎ ይዘጋል። የመጋዘኑም ልጅ እንደዚሁ ሆኖበታል። የገንዘብ ያዧ ላፕቶፕ ግን ምንም ሳይል ይሠራል! ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጌዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ሼር የተደረገው ፎልደር ይከፈትልኛል።

ጀንፈል የሚገባበት ሰሞን ነው። ገበሬው ፈረሱላውን አስመዝኖ ደጅ ቆሟል፤ በእጅ እየጻፍን ነው። ዳታው ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ የምታውቁ።

ሰለሞን ቴክ
ፒችትሪውን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። እኛ ጋ በዚያ ተስተካክሏል።

የአጋሮ ልጅ
እህቴ፣ እባክሽ ምንም እንዳታጠፊ። ለዚህ ችግር መልሶ መጫን ትርፉ ድካም ነው።

116 ዳታው ተበላሸ ማለት አይደለም። ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ይዞታል ማለት ነው። ከፒችትሪ ጀርባ ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለ። በየኮምፒውተሩ ተጭኗል፤ ፋይሉን የሚይዘው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በእሱ በኩል ያልፋሉ። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ፎልደሩም ተከፈተ፣ ፐርቬሲቭ ግን አልተነሳም። ላፕቶፑ ሰርቨሩ ላይ ፈልጎ ሲያጣው ራሱ ያዘው። እናንተ አሁን በላፕቶፑ በኩል ማለፍ አለባችሁ፤ የእሱ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደው መከላከያ) ደግሞ አያሳልፋችሁም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁላችሁም ከፒችትሪ ውጡ። የካምፓኒውን ፎልደር መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፤ ይህን አትዝለዪው። እዚያው ፎልደር ውስጥ ~PVSW~.LOC የሚባል ትንሽ ፋይል ታገኛለሽ። በኖትፓድ ክፈቺው፤ ዳታውን የያዘው ኮምፒውተር ስም ተጽፎበታል። ከዚያ በሁሉም ላይ ፐርቬሲቭን አስቁሚና ያቺን ፋይል ብቻ ሰርዢ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ አስነሺው፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ይግቡ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ተመልሶ እዚያው ነው።

የጅማዋ ሂሳብ ሠራተኛ
ተባረክ ወንድሜ፣ ሁላችንም ገባን! ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነትም የገንዘብ ያዧ ላፕቶፕ ስም ነው። ሰርቨሩ ላይ የፐርቬሲቭ ሰርቪስ ማኑዋል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አውቶማቲክ አደረግሁት። ጠዋት እሷ ያስገባችውስ አለ?

የአጋሮ ልጅ
እንኳን ደስ ያለሽ። አዎ፣ የጻፈችው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ግን መብራቱ ሲሄድ የትኛው ደረሰኝ ተከፍቶ እንደነበር ጠይቂያትና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪው። ለሰርቨሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ይገዛለት፤ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ሁሌም ይቀድመዋል።