ለአማካሪ የሚጠቅም ስልጠና የትኛው ነው? የሆቴል አዳራሽ ሰለቸኝ

ከጀሞ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬዬ ግን ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ትራውማ (ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው አእምሮ ላይ ስለሚቀረው ጉዳት) ስልጠና ነበር። 2,000 ብር ከፈልኩ። ሦስት ሰዓት የተባለው አራት ተኩል ላይ ተጀመረ። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፤ ወሬው ይጥማል። ከሰዓት በኋላ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ» አለን። እኔ ደንበኛ ሆንኩ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ አማካሪ። «ምን ተሰማሽ?» አለችኝ። «ምን ይሰማኛል» አልኳት፣ ሳላስበው። ተሳሳቅን።

ቤት ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ሰኞ ሰኞ የማገኛት አንዲት እናት ልክ እንደዚያ ነው የምትመልስልኝ። ስምንት ሳምንት ሙሉ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብቻ ነው የምትለኝ። ሐዘን ነው? ፍርሃት? ናፍቆት? ያቺን ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ አስሞላኋት፤ 6 አመጣች። በመጠይቁ መሠረት 6 ማለት ቀላል ድብርት ነው። ፊቷን ያየ ሰው ግን ቀላል አይልም።

መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ ሰርተፍኬት አለ። አንዱም ስለ ባር ባር አልነገረኝም። ቅዳሜ ዕለትም አንድ ልጅ «ደንበኛዬ ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን አቋረጠ፣ ምን ልበለው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሻይ ሰዓት እናወራበታለን» ተባለ። በሻይ ሰዓት ሳምቡሳ በላን።

እስቲ ንገሩኝ፣ እውነት ሥራችሁን የለወጠ ስልጠና አለ? ወይስ ብሬን ልያዝ?

ገራገሩ፦
ሳምቡሳው ግን እንዴት ነበር? እኔ የምሄደው ለፈቃድ እድሳት ነጥብ ነው። ፈርሜ እገባለሁ፣ ፈርሜ እወጣለሁ። ብዙ ካልጠበቅሽ አትናደጂም።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ቁጣ አለኝ። ቀኑን፣ ሳምንቱን፣ ሰፈርሽን ሁሉ ጽፈሻል። ሴትዮዋ ብታነበው ራሷን ታውቃለች። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ስልጠናው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከስልጠናው በኋላ ሥራሽን የሚያይልሽ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። በሱስ ሕክምና ላይ የሚሠሩ 140 ባለሙያዎችን ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ (ሰውየው ለመለወጥ የራሱን ምክንያት እንዲያገኝ የሚረዳ የአነጋገር ዘዴ) አሰለጠኑ። ከወርክሾፑ በኋላ ሥራቸው ታይቶ አስተያየት የተሰጣቸውና በስልክ የተመከሩት የበለጠ ተሻሻሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ ባለሙያዎቹ ስለ ራሳቸው ችሎታ የሚሉትና በድምፅ ተቀድቶ የተሰማው ሥራቸው ምንም አይገናኝም። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነው ጡረታ ልወጣ የደረስኩት።

እኛ አራት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እንገናኝ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ የደንበኛውን ታሪክ ሳይሆን አንተ ያልከውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘህ ትመጣለህ። መጀመሪያ ያፍራል ሰው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያማሩትን ብቻ እየመረጥኩ አመጣ ነበር።

ስለ ጸበሉ፦ «ተው» ካልሽው ሁለተኛ አይመጣም። ለስንት ቀን እንደሚገባና ማን አብሮት እንደሚሄድ ጠይቂው። መድኃኒቱን የከለከለው ሰው አለ ወይስ ራሱ ነው? ቄሱ መድኃኒትህንም ውሰድ ያሉት ስንቱን አውቃለሁ። ራሱ ብቻውን እንዳያቋርጥ ግን ለሐኪሙ ያሳውቅ።

ባር ባር ላላትም ትርጉሙን አትፈልጊለት። «ሲነጋ ነው ሲመሽ?» በያት።

ሎንደን ያለሁት፦
ሲስተር ልክ ናቸው። እዚህ የብሪታንያ የምክርና የሳይኮቴራፒ ማኅበር የብቃት እውቅና የሰጠው አባል ደንበኛ እስካየ ድረስ በወር ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን (ሥራውን ከሌላ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት) ይጠበቅበታል። ሃያ ዓመት የሠራውም ጭምር። ስልጠናው ከዚያ ውጪ ነው።

ስልጠናን በጅምላ መጣል ግን ይከብደኛል። ስለ ዚምባብዌው የወዳጅነት አግዳሚ አንድ ማታ በዙም አዳመጥኩ። ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ የጀመረው ነው፤ አሮጊቶች ሰልጥነው ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ያነጋግራሉ። ድብርት የሚለውን ቃል አስተርጉመው አላስገቡም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። ከዚያ ማታ በኋላ እዚህ የማያቸውን የኛን ሰዎች «ዲፕሬሽን አለብህ» ማለት ትቼ «ሐሳብ በዝቶብሃል?» ማለት ጀመርኩ። ለውጡ ይህችው ናት፤ ለኔ ግን የከፈልኩትን መልሳልኛለች።

ከጀሞ፦
ሲስተር፣ ቁጣዎን ተቀብያለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ቀያይሬዋለሁ፤ ስሜንም አስለውጣለሁ።

ጠየቅኳት። «ሲመሽ» አለችኝ። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም አልኩ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እጨምር ነበር። ልጇ ቤይሩት እንዳለች ድሮም አውቃለሁ። ማታ ማታ ትደውልላት እንደነበረ፣ ከጥር ወዲህ ግን ስልኩ እንደቆመ አላውቅም ነበር። ለካ እስካሁን ስለ ማታ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ሁለት የድሮ ክፍል ጓደኞቼን አግኝቻለሁ፤ ሐሙስ እኔ ቤት እንጀምራለን። «ምን ተሰማሽ?» ያልኳትን ነው ይዤ የምቀርበው። አራተኛ ሰው ጎድሎናል። ገራገሩ፣ ነጥብ የለውም፤ ሳምቡሳውን ይዘህ ና።