ጓሯችን ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ቀለበት ያለው ትንሽ እባብ ወጣ፣ መርዛማ ነው?

የሂውስተን አባት፦
ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ ባለቤቴ የረገፈ ቅጠል ስትጠርግ ከስር ቀጭን እባብ ወጣ፣ ውፍረቱ እንደ እርሳስ፣ ሙሉ ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት፣ አፍንጫው ጥቁር። አንዱ ጎረቤት መርዛማው ኮራል ስኔክ ነው ሲል ሌላኛው ሚልክ ስኔክ ነው ምንም አያደርግም አለን። ልጆቼ እዛው ነው የሚጫወቱት፣ የምታውቁ በናታችሁ መልሱልኝ።

ጥቁር ቡና፦
አፍንጫውን ብቻ አይተህ እንዳትፈርድ ወንድሜ፣ ቴክሳስ ውስጥ ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆነ ሚልክ ስኔኮችም አሉ። ቀዩ ከምን ጋር ነው የሚነካካው? ከቢጫው ጋር ከሆነ ኮራል ነው ብለህ ያዘው፣ ከጥቁሩ ጋር ከሆነ ብዙ ጊዜ ሚልክ ስኔክ ነው። የኮራል ቀለበት ደግሞ ሆዱንም ይዞራል።

የሂውስተን አባት፦
ፎቶውን አሁን አየሁት፣ ቀዩ ከቢጫው ጋር ነው!!

የበረሃ ልጅ፦
እንግዲያው የቴክሳስ ኮራል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሦስት አይነት ነው ያለው፣ የቴክሳሱ፣ ከፍሎሪዳ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ያለው የምስራቁ፣ እና ትንሹ የአሪዞናው፣ ሁሉም የእነ ኮብራና ማምባ ዘመዶች ናቸው። ወደ ደቡብ አሜሪካ ስትወርድ ግን ብዙ አስር አይነት አለ፣ እዛ ቀዩ ጥቁሩን የሚነካ መርዛማ ኮራልም ስላለ ይሄ የቀለም ነገር አይሰራም። እዚህም ቢሆን አልፎ አልፎ ቀለሙ የተዛባ ይወለዳል፣ ስለዚህ ሚልክ ስኔክ ነው ብሎ በእጅ ማንሳት የለም።

ሲስተር ቲ፦
ኢመርጀንሲ ነው የምሰራው፣ ይሄን እባካችሁ ልብ በሉ። የኮራል መርዝ ነርቭ ነው የሚይዘው፣ ራትል ስኔክ (ጭራውን የሚያንሿሿው እባብ) ሲነድፍ እንደሚያብጠው ቦታው ላያብጥ ይችላል፣ ምልክቱ ከተነደፈ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይተኛል፣ ከዛ የአይን ቆብ ይወርዳል ምላስ ይተሳሰራል መዋጥ ያቅታል መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ነው። 2006 ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰው ሞቶበታል። የነደፈው ሰው ባያመውም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፣ መብጣት መምጠጥ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የለም። ፖይዝን ኮንትሮል (ስለ መመረዝ ምክር የሚሰጥ የስልክ መስመር) 1-800-222-1222 ነው፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ትንፋሽ ካጠረው 911።

የሂውስተን አባት፦
ተባረኪ ሲስተር። ልግደለው ወይስ?

ጥቁር ቡና፦
ተው፣ እሱ ሰው አያሳድድም፣ የሚበላው ሌሎች ትናንሽ እባቦችና እንሽላሊት ነው፣ ሰው የሚነደፈው በብዛት ሲይዘው ወይ ሊገድለው ሲታገል ነው። ቅጠሉን በሬክ (ባለ ጥርስ መጥረጊያ) ሰብስቡ፣ ወፍራም ጓንትና ሽፍን ጫማ አድርጉ፣ የተከመረ እንጨት ካለ ከልጆቹ መጫወቻ አርቁት። ለልጆቹ ደግሞ ፎቶውን አሳያቸው፣ ቀለሙ ስለሚያምር ነው የሚያነሱት።