የዴኒስ ዓሣ እንቁላልን በአዮዲን ስናጥብ ቀለሙ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በእስራኤል፣ ኤይላት ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ዓሣ መፈልፈያ ነው። የዴኒስ እንቁላል ወደ መፈልፈያው ገንዳ ከመግባቱ በፊት፣ በሊትር 50 ሚሊ ግራም አዮዲን ባለው የባሕር ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ እንድናቆየው ታዘናል። ጠርሙሱ «ፖቪዶን አዮዲን 10 በመቶ» ስለሚል በሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር እጨምራለሁ። ሆኖም ውኃው ከመጀመሪያውም የገረጣ ነው፤ እንቁላል የያዘው ሁለተኛው ወንፊት ሲነከርበት ደግሞ ጭራሽ ቀለም አልባ ይሆናል። ስህተቱ ምን ላይ ነው?

መልስ 1፦
ስህተቱ ስሌቱ ላይ ነው፣ ወንድሜ። 10 በመቶ የተባለው የፖቪዶን አዮዲን ውሑድ እንጂ ጀርም የሚገድለው አዮዲን አይደለም፤ እርሱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ እርስዎ የሚጠቀሙት ግማሹ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር ማለት ነው። በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ያስፈልግዎታል። ሐኪሞች እጃቸውን የሚታጠቡበት፣ ሳሙና የተቀላቀለበት ዓይነት ግን ለእንቁላል መርዝ ነውና አያስጠጉት።

መልስ 2፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ግን መጠኑ ቢስተካከልም እንቁላሉ ቆሻሻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ንፍጥና የሞተ እንቁላል አዮዲኑን ይበሉታል። ወደ ውኃው የሚነፋውን አየር ለጥቂት ደቂቃ ዘግተው ሲጠብቁ፣ የቀይ ባሕር ውኃ ጨው የበዛበት ስለሆነ ደኅናው እንቁላል ይንሳፈፋል፣ ነጭ የሆነው ይሰምጣል፤ የሰመጠውን በቱቦ ስበው ያስወግዱና የተረፈውን በንጹሕ የባሕር ውኃ ያለቅልቁት። ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ውኃ ያዘጋጁ፤ ቡናማው ወደ ቢጫ ከዞረ ኃይሉ አልቋል። ከታጠበ በኋላ ጀርም ወዳለበት ወደ አሮጌው ወንፊት መመለስ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል፤ እኛ ጋ ይህ ተራ ነገር ስንት ወር አደከመን! የመጀመሪያውን ሙከራ በጥቂት እንቁላል ያድርጉና፣ ካልታጠበው ጋር የሚፈለፈለውን ቆጥረው ያነጻጽሩ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ባልደረባዬ ግሉታራልዴሃይድ የተባለው ጀርም ገዳይ ኬሚካል ይሻላል ይላል።

መልስ 3፦
በኖርዌይ ሃሊበት ለተባለው የባሕር ዓሣ እንቁላል በሊትር 400 ሚሊ ግራም ለ10 ደቂቃ ተሠርቶበታል። ሆኖም ከመጠን ሲያልፍ ቅርፊቱን ያጠነክረዋል፤ እጩም (ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሹ ዓሣ) ጭራው ብቻ ወጥቶ ተቀርቅሮ ይሞታል። ዴኒስ ደግሞ በሁለት ቀን ገደማ የሚፈለፈል ስለሆነ ሰዓቱ ጠባብ ነው። ትነቱም ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር፣ አየር በማይገባበት ክፍል አይነካም። በየትኛውም መድኃኒት የሚታጠበው ግን ቅርፊቱ ብቻ ነው፤ የነርቭ በሽታ የሚያመጣው ኖዳቫይረስ ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ከገባ አይደረስበትም፤ ስለዚህ እናት ዓሦቹን አስመርምሩ።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት በ5 ሚሊ ሊትር ሞከርኩት፤ ቡናማው ቀለም እስከ አሥረኛው ደቂቃ ቆየ። ያልታጠቡ 100 እንቁላሎች በሌላ ዕቃ አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱንም ከተነገ ወዲያ እቆጥራለሁ።